ለሴቶች ልጆቻችን ሜዳና ሰዓት ይሰጣቸው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የሚለጠፈው ስለ ቦኖ ውሃ ወረፋ፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይና ስለ ቆሻሻ አጣጣል ነው። ሁሉም ተገቢ ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን እስከ አሁን በስብሰባችንም ሆነ በሰሌዳችን ቦታ አላገኘም። ይኸውም ትምህርታቸውን ጨርሰው ወይም አቋርጠው ቤት የዋሉት ወጣት ሴቶች ልጆቻችን የአካል እንቅስቃሴ ጉዳይ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ተማሪ ሳለች ጠዋት ደብተሯን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች፣ ሲለቀቁ በእግሯ ትመለሳለች። በሳምንቱ የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለ። መምህሩ ፊሽካ ሲነፋ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ መረብ ኳስ ትጫወታለች። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ትዘላለች፤ ታናናሾቿ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እሷም ገብታ ትዘላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ «ለጤናዬ ብዬ ነው» ብላ አስባው አታውቅም። ማሰብም አያስፈልጋትም። ትምህርት ቤቱ ሦስት ነገሮችን ሳትጠይቅ ይሰጣት ነበርና፤ ሰዓት፣ ሜዳና ጓደኛ።

ትምህርቱ ያበቃ ቀን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ። ማንም ክፉ አስቦ አልነጠቃትም። ነገር ግን የተተካላት የለም። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሜዳው አይወጣበትም፤ ማታ ማታ ኳሱን ይዞ እዚያው ነው። እሷ ግን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሜዳውም ትወጣለች። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ልጆቻችን እንቅስቃሴ ያቆሙት ሰንፈው ወይም ጠልተው አይደለም። ሰዓቱና ቦታው ስለሌላቸው ነው። ሰዓትና ቦታ መስጠት ደግሞ የልጅቱ የብቻዋ ሥራ ሳይሆን የሠፈሩ ሥራ ነው።

የምንናገረው ስለ ጥቂት ልጆች አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። የማካካሻ ትምህርት ዕድል የሚያገኙ ቢኖሩም አብዛኞቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚህም ሌላ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ፈተናው ላይ ሳይደርሱ የቀሩ ልጆች አሉ። እንግዲህ እያንዳንዳችን በራችንን ከፍተን ግራና ቀኝ ብናይ፣ የ17፣ የ19፣ የ22 ዓመት ልጅ ቤት የዋለችበት ግቢ ማግኘት ከባድ አይደለም። ውጤት ስትጠብቅ፣ ሥራ ስትጠብቅ፣ ጥሩ ጊዜ ስትጠብቅ ወራቱ ዓመት ይሆናል።

ለመሆኑ እስከዚያ ምን ላይ ትውላለች? አንዷ በመንገዱ ዳር የጀበና ቡና አቅርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አንዷ ሱቅ ትጠብቃለች። አንዷ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተደፍታለች። አንዷ ደግሞ እናቷን እያገዘች እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ሲመሽ ስልኳን ይዛ ጥግ ትይዛለች። ሁሉም ሥራ ነው፤ ሥራ አይናቅም። ነገር ግን አብዛኛው የተቀመጠና የታጠፈ ሥራ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ «ወገቤን»፣ «ጀርባዬን»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል» ማለት ይመጣል። የ20 ዓመት ልጅ የ50 ዓመት ሴት ቋንቋ መናገር ስትጀምር «ምን ሆነች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። «ሴት ልጅ መቼ ተቀምጣ ታውቃለች? ከንጋት እስከ ምሽት የምትለፋው አይበቃትም ወይ?» ይባላል። ይህ እንዲሁ የሚጣል አነጋገር አይደለም። በፎገራ ሜዳ ጭቃ ውስጥ ቆማ ሩዝ የምታርም፣ ከሩቅ እንጨት የምትሸከም፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለትም 20 ኪሎ ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ዘንድ ሄደን «ስፖርት ሥሪ» ብንል ስድብ ይሆናል። እሷ የሚያስፈልጋት ዕረፍትና የጭነቱ መቅለል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን የሥራና የመንገድ እንቅስቃሴን ከእንቅስቃሴ ይቆጥረዋል።

ይሁን እንጂ የከተማዋ ልጅ ኑሮ እንደዚያ አይደለም። ይፋግ በጎንደር ነገሥታት ዘመንና ከዚያም በኋላ ስመ ጥር የገበያ ከተማ ነበረች፤ አሞሌ ጨው፣ ከብቱና እህሉ ይገበይባት ነበር። ያን ጊዜ ሴት አያቶቻችን እህሉን በእጃቸው ፈጭተው፣ ውሃውን ከምንጭ ቀድተው፣ ገበያውን በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር። ስፖርት የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ ሰውነታቸው ግን ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ነበር። ያ ድካም ብዙዎቹን ያለ ዕድሜያቸው ያስረጀ ነውና ይመለስ የሚል የለም። ዛሬ ወፍጮው በሞተር ነው፤ ውሃው ቦኖ ድረስ መጥቷል፤ አዲስ ዘመንም ሆነ ወረታ ለመሄድ መኪና አለ፤ እዚሁ ለእዚሁም ባጃጅ አለ። ይህ ሁሉ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ድካሙን ሲያስቀርልን እግር መንቀሳቀሱንም አብሮ አስቀርቶታል። የቀረው የቤት ሥራ ደግሞ አንድ አካልን ብቻ የሚያደክም ነው። ምጣድ ሥር ማጎንበስ ወገብን ይጎዳል እንጂ ልብን አያጠነክርም። ጭሱ እንዲያውም ሳንባን ያዳክማል። ስለዚህ «ደክሞኛል» ማለትና «ሰውነቴ በሚገባ ተንቀሳቅሷል» ማለት አንድ አይደሉም።

ታዲያ በሚገባ የሚባለው ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜው ከ18 እስከ 64 የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ መሥራት አለበት። መካከለኛ የሚባለውን በቀላሉ ለማወቅ ይቻላል፤ እየተራመዳችሁ ማውራት የምትችሉ፣ መዝፈን ግን የማትችሉ ከሆነ መካከለኛ ነው። ለዚህ መሣሪያም ሆነ ሐኪም አያስፈልግም።

ጉዳዩ የይፋግ ብቻም አይደለም። ይኸው ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ካሉ አዋቂ ሰዎች 31 ከመቶ የሚሆኑት በ2022 እ.ኤ.አ. በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። በሴቶች 34 ከመቶ፣ በወንዶች 29 ከመቶ ነው። ከ11 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በነበረው አኃዝ ከሴቶቹ 85 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 78 ከመቶ በቂ እንቅስቃሴ የላቸውም። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው። በዓለም ሁሉ ከሜዳው ቀድማ የምትወጣው ሴቷ ናት።

እንቅስቃሴው የሚሰጠውስ ጥቅም ምንድን ነው? ልብን ያጠነክራል፤ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ይከላከላል፤ እንቅልፍ ያመጣል፤ ጭንቀትን ያቀላል። የመጨረሻው ለእኛ ልጆች ቀላል ነገር አይደለም። ውጤት አልመጣልኝም ብላ አንገቷን ደፍታ የምትውል ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ሰዓት ሮጣ ስትመለስ ፊቷ ይፈታል። ችግሯ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ችግሯን የምትሸከምበት ጉልበት አገኘች ማለት ነው። ስለ አጥንትም ማወቅ ያለብን አለ። አጥንት እስከ 30 ዓመት ግድም ድረስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጎተራውን በመኸር የሞላ ሰው ክረምቱን አይፈራም። ከ18 እስከ 30 ያለው ዕድሜ የአጥንት መኸር ነው። እኛ ግን ልጆቻችንን በርጩማ ላይ የምናስቀምጣቸው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ጡትና ወሊድ፣ አራስነትና የልጅ ሸክም የሚመጣው ከዚህ በኋላ መሆኑን አትርሱ። መመሪያው እንደሚለው ነፍሰ ጡር ሴትና የወለደች ሴትም ሐኪም እስካልከለከላቸው ድረስ በሳምንት 150 ደቂቃ ቢንቀሳቀሱ ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ነው። «ጎረምሳ በሚያይበት ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ብትዘል ምን ይሉናል?» የሚል ነው። አንዳንድ እናቶች ደግሞ ጮክ ብለው ባይናገሩትም፣ ሩጫና ዝላይ የልጅቱን ክብር ያሳጣታል ብለው ይፈራሉ። ይህን በግልጽ እንነጋገርበት። የልጅ ጨዋነት በጠባይዋ እንጂ በአካሏ ላይ ምልክት ተፈልጎ የሚታወቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ፣ ድንግልናን በምርመራ ማወቅ የሚባለው ነገር የሕክምና መሠረት የሌለው ስለሆነ ይቅር ብሏል። ስለዚህ ልጃችን ገመድ ስለ ዘለለች የሚጎድልባት የለም። የወር አበባዋ የመጣ ቀንም ቢሆን ካላመማት በቀር መንቀሳቀስ አይጎዳትም፤ አንዳንዶቹን እንዲያውም ቁርጠቱን ያቀልላቸዋል። ስለ ልብስም ጭቅጭቅ አያሻም። ሰፋ ያለ ቀሚስ ከሥሩ ሱሪ ተደርጎበት፣ ነጠላው ወገብ ላይ ታስሮ መሮጥ ይቻላል። የሚያስፈልገው የማያንሸራትት ጫማ ነው።

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን የድሮ ተረት እያስታወሰ የሚከራከርም አይጠፋም። ያ ተረት ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ ትዳር በነበረበት ዘመን የተተረተ ነው። ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የፌዴራሉ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፣ ክልላችንም የራሱን አውጥቷል። ሕጉ ለልጅቱ የዕድሜ ጊዜ ሰጥቷታል። እኛ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ታድርግበት ብለን አላሰብንም። «ገና አልተዳርሽም» ከሚለው በስተቀር የምንላት ነገር የለንም። ትምህርቱን ጨርሳ ትዳር ያልያዘች፣ ሥራም ያላገኘች ልጅ የማንም ያልሆነ ሰዓት ውስጥ ናት። ያንን ሰዓት የራሷ እንዲሆን ማገዝ የእኛ ፈንታ ነው።

ትዳርና ልጅ መውለድ የሴትን ጉልበት ያበቃዋል የሚለውስ? ይህን አገራችን ራሷ በዓለም ፊት ውድቅ አድርጋዋለች። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ከዚያ ልጅ ወለደች። ልጅ ከወለደች በኋላ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ ርቀት ደግማ አሸነፈች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን ወሰደች። የዚያው የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወልዳ በዓመቱ በሪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። እነሱ ሲሮጡ እኛ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን እንጮኻለን፣ እናለቅሳለን፣ እናጨበጭባለን። ውድድሩ ሲያልቅ ልጃችንን «ተነሺና ቡና አፍዪ» እንላታለን። የሌላ ሰው ልጅ ስትሮጥ ኩራት፣ የራስ ልጅ ስትሮጥ ነውር ሊሆን አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ከይፋግ ሁሉ ደራርቱ ይውጣ አላልኩም። ሜዳሊያ ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ የሚመረጡት ጥቂቶች ናቸው። እኔ የምለው ሜዳሊያ ስለማታመጣው ልጅ ነው። ለእሷ የሚሆን ትምህርት የሚገኘው ከኦሊምፒኩ ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ከተደረጉ ሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በታላቁ ሩጫ አዘጋጅነት የሚካሄደው ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከፊት ያሉት አትሌቶች ናቸው፤ ከኋላ የሚመጡት ግን የቢሮ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ እናቶች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ግማሾቹ እየተራመዱ ይጨርሳሉ። ሌላው በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ የተጀመረው ነው፤ በተወሰነ እሑድ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሰው በጋራ ስፖርት ሠራበት። ሁለቱም ያስተማሩን አንድ ነገር ነው። ቀኑ ታወቀ፣ ቦታው ተለየ፣ ሰው በብዛት ሆኖ ወጣ። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሮጥ መንገደኛው ሁሉ ያያታል፤ ሠላሳ ሆነው ሲሮጡ ግን ማንንም ነጥሎ የሚያይ የለም። ዕፍረቱን የሚያሸንፈው ምክር ሳይሆን ብዛት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ልጃችን ዛሬ ተነሥታ «ልንቀሳቀስ» ብትል የት ትሂድ? አስፋልቱ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ዋናው መንገድ ነው፤ የጭነት መኪናውና ባጃጁ ይበዛል፣ ለሯጭ አይሆንም። «ጣና ቅርባችን ነው፣ ትዋኝ» እንዳንል የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉ ውሃው ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። «ማታ ሲቀዘቅዝ ትውጣ» እንዳንል ሲመሽ የወባ ትንኝ የምትነሣበት ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ የወባ አገር ነን። ጨለማው ለሴት ልጅ ያለውን አደጋም አትርሱት። ከከተማ ወጣ ብላ ገጠር መንገድ ትሩጥ እንዳንል ጊዜው አስተማማኝ አይደለም። የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ በመካከላችን ያለው የሠፈሩ ሜዳ። የቀረውም አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ጠዋት። ሜዳው ከ10 ሰዓት በኋላ የወንዶቹ ነው፤ ይሁንላቸው። ጠዋት ግን ባዶውን ነው የሚውለው፤ በግ ይግጥበታል።

ስለሆነም በሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የሚከተለው ሐሳብ ቀርቦ እንዲወሰን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ የሠፈሩ ሜዳ በሳምንት ሦስት ቀን ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡35 ለወጣት ሴቶች ብቻ ይለይ። 50 ደቂቃ በሦስት ቀን ሲባዛ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ መመሪያው የሚለው ዝቅተኛው መጠን ተሟላ ማለት ነው። ቀኖቹ የገበያና የንግሥ ቀን እንዳይነኩ ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ። ውሳኔው በቃል ብቻ እንዳይቀር በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በቃል የተሰጠ ሜዳ በሳምንቱ ይወሰዳልና።

ሁለተኛ፤ በየቀኑ ሁለት እናቶች ተራ ገብተው ሜዳው ዳር ይገኙ። ይህ ለጥበቃም ነው፣ ለሐሜቱም መድኃኒት ነው። እናቶቹም ተቀምጠው ከሚጠብቁ ሜዳውን አንድ ሁለት ጊዜ ቢዞሩት ለእነሱም ይበጃቸዋል።

ሦስተኛ፤ ከትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን አንዱ ወይም አንዷ ለመጀመሪያው ወር እንዲያሳዩ በማኅበሩ ስም ይጠየቁ። ከወሩ በኋላ ከልጆቹ መካከል ሁለት መሪዎች ይመረጡ።

አራተኛ፤ ዕቃውን በተመለከተ ብዙ ወጪ የለም። አንድ ኳስና ጥቂት ገመድ ይበቃል። የመረብ ኳስ መረብ የግድ ከባሕር ዳር ሱቅ ተገዝቶ አይመጣም። ጣና ዳር ነን፤ ከዓሣ አጥማጆቻችን ያረጀ መረብ ተለምኖ በሁለት እንጨት ቢወጠር ያገለግላል።

አምስተኛ፤ አጀማመሩ ቀስ ያለ ይሁን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ! ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ በመጀመሪያው ቀን አሥር ዙር ብትሮጥ በማግሥቱ አትመለስም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈጠን ያለ እርምጃ ብቻ ይሁን። ከዚያ እየተራመዱ ጥቂት ሶምሶማ ማስገባት፤ ቀጥሎ ገመድ ዝላይ፤ ከዚያ ኳሱ። ለጡንቻ የሚሆነውም እዚሁ ቤታችን አለ። እጅን ሳይደግፉ ከበርጩማ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ግድግዳ ወይም ዛፍ በእጅ መግፋት፤ ግማሽ የተሞላ ጀሪካን ጉልበትን አጥፎ ማንሣትና ማስቀመጥ። እስክስታም አይናቅ። ከልቡ የተመታ የጎንደር እስክስታ አሥር ደቂቃ ያህል ቢቆይ ከሩጫ አያንስም።

ስድስተኛ፤ ምግቡ ይታሰብበት። ባዶ ሆድ ላይ ጉልበት አይጨመርም። የፊት ገርጣት፣ የዓይን ጭልምልምታ፣ ቶሎ ቶሎ መድከም ያለባት ልጅ ደም ማነስ ሊኖርባት ስለሚችል መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይ። ልብ ወይም አስም ያለባትም እንደዚሁ። በጾም ወራት ሩጫው ይቅርና እርምጃውና መሳሳቡ ይቀጥል። ከልጆቹ ከሌላው የቤተሰብ አባል ያነሰ የምትበላ ካለች፣ ቤተሰቡ ምስሩንና ጎመኑን በትክክል ያካፍላት።

ከስድስቱ ሁሉ ከባዱ ግን ያልጻፍኩት ሰባተኛው ነው። እሱ የማኅበሩ ሳይሆን የየቤቱ ውሳኔ ነው። ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡35 ያለው ሰዓት ቤት ውስጥ ባዶ ሰዓት አይደለም። እሳት የሚነድበት፣ ሻይ የሚፈላበት፣ ግቢ የሚጠረግበት፣ ሕፃናት የሚታጠቡበት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ የምትሠራው ይህችው ልጅ ናት። ማኅበሩ ሜዳ ቢሰጣት፣ ቤቷ ሰዓቱን ካልሰጣት ሜዳው ባዶውን ይቀራል። ታዲያ በእነዚያ ሦስት ቀናት ሻዩን ወንድሟ ቢያፈላ ምን አለበት? አባቷ ጀሪካኑን ይዞ ቦኖ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል? በሳምንት 168 ሰዓት አለ። የምንጠይቀው ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

«ማኅበሩ ገና የውሃውንና የቦዩን ጉዳይ አልጨረሰም፣ አሁን ደግሞ ኳስ ውስጥ ልንገባ ነው ወይ?» ለምትሉ አባላት ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ቦዩ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ውሃው ከወረዳ መልስ ይጠብቃል። ይህ ግን በአንድ ስብሰባ፣ በእጅ ማውጣት የሚያልቅ ነው። የቦዩን ቁፋሮ አያዘገየውም። እንዲያውም በሠፈሩ ሥራ ላይ ልጆቻችን በብዛት እንዲወጡልን የምንፈልግ ከሆነ፣ ለቁፋሮ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም ጉዳይ የሚሰበሰቡበት ምክንያት እንስጣቸው። ተሰብስበው የለመዱ ሰዎች ለሌላም ነገር ይሰበሰባሉ።

ለእናንተም፣ እህቶቼ፣ አንድ ቃል አለኝ። ስብሰባው እስኪወስን አትጠብቁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ፤ ውሃ ልትቀዱ ስትሄዱ እርምጃችሁን ፍጠኑበት፣ ግቢ ውስጥ ገመድ ዝለሉ፣ ከተቀመጣችሁበት በየሰዓቱ ተነሥታችሁ እጅና እግራችሁን ዘርጉ። ፈተናው ውጤት የሰጣችሁ ለአንድ ወረቀት ነው፤ ለሰውነታችሁ የሰጠው ውጤት የለም። ወንድሞችም ብትሆኑ ሜዳው ዳር ቆማችሁ ከማፏጨት መረቡን የሚወጥሩትን ሁለት እንጨቶች ብትተክሉላቸው ይሻላል።

በስብሰባው ዕለት ሴቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ስለ እነሱ የሚወሰነውን እነሱ ባሉበት እንወስን። ሐሳቡን የምትደግፉም ሆነ የምትቃወሙ እስከዚያ ድረስ በአጭሩ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉ። ለመሮጥ የምትፈልጉ ልጆችም ስማችሁን ከታች ባለው ባዶ ወረቀት ላይ አስፍሩ። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።

ከማኅበሩ አባላት አንዷ